ልማቱ በስማችን፣ ዕዳው በጫንቃችን፤ ውሳኔውስ በማን እጅ ነው?
የፓርቲው ጸሐፊ ለከተማ መራጮች ያደረጉት ንግግር






እኛ መድረክ ላይ በወጣን ቁጥር የሚቀርብብን አንድ የታወቀ ክስ አለ። «ተቃዋሚ ስለሆናችሁ መንገዱንም፣ መብራቱንም፣ ዛፉንም ትቃወማላችሁ» ይሉናል። መንገድ አንቃወምም። እኛም የምንሄደው በዚያው መንገድ ነው። የምንቃወመው መንገዱ የሚሠራበትን አሠራር ነው። ልዩነቱን ለማስረዳት ከራሳችን ሰፈር እንጀምር።

እኛ በምንኖርበት ሰፈር የውስጥ ለውስጥ መንገዱ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነዋሪው ተሰብስቦ ኮሚቴ መረጠ፤ መዋጮ በየቤቱ ተደለደለ። ጡረተኛው ከጡረታው፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት ከዕለት ገቢዋ እየቆነጠረች ሰጠች። ጌጠኛ ድንጋዩ ተነጠፈ፤ ተመረቀ፤ ጠላም ተጠጣ። ዓመት ሳይሞላው አንድ መሥሪያ ቤት ቱቦ እቀብራለሁ ብሎ መጣና ከዳር እስከ ዳር ቆፈረው። ድንጋዩን ጥግ ላይ ከምሮ ሄደ። ክረምት ገባ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር የነበሩት እናት መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደው «ልጄ፣ መንገዳችንን መልሱልን» ቢሉት፣ ወጣቱ ባለሙያ ከመቀመጫው ተነሥቶ «እማማ፣ የእኛ በጀት ለመቆፈር ነው እንጂ ለመመለስ አይደለም» አላቸው። ልጁ አልዋሸም። ወረቀቱን አውጥቶ አሳያቸው፤ እውነትም የመመለሻ ገንዘብ አልተያዘለትም ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። ሌባም ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ሕዝብ ያዋጣው ገንዘብ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ጥፋቱንም የተቀበለ አንድም አካል የለም። የከተሞቻችን ልማት በሽታ ይህ ነው። በሰፈር ሲደርስ መንገድ ያሳጣል፤ በከተማ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል።

ወገኖቻችን፣ ቆሼን አስታውሱ።

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የረጲ የቆሻሻ መጣያ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ ቦታ ነው። ሲጀመር ከከተማው ውጭ ነበር፤ ከተማው እያደገ ሄዶ ከበበው። ቦታው መሙላቱን ሁሉም ያውቅ ስለነበር በሰንዳፋ አካባቢ በውጭ እርዳታ ጭምር አዲስ ማስወገጃ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን የአካባቢው ገበሬዎች ከብቶቻችን ታመሙ፣ ውሃችን ተበከለ፣ ሽታው አላስቀምጥ አለን ብለው ተነሡ፤ ማስወገጃውም ተዘጋ። የከተማው ቆሻሻ ወደ ሞላው ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሻሻው ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ እንፈልጋለን። የሰንዳፋ ገበሬዎች ጥፋተኞች ናቸውን? አይደሉም። ቆሻሻ የሚያመርተው ሌላ፣ የሚሸተው እነሱን። የአዲስ አበባ ነዋሪስ? እሱም አይደለም፤ ቆሻሻውን ደጁ ላይ አያስቀምጠው ነገር። ጥፋቱ ፕሮጀክቱ ከመሠራቱ በፊት ሁለቱንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ባላስቀመጠው አሠራር ላይ ነው። ገበሬው ምን ዓይነት ዋስትና ቢሰጠው፣ ውሃው በምን ዓይነት መንገድ ቢጠበቅ፣ ምን ያህል ካሳ ቢከፈለው እንደሚቀበል ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ከልብ ቢጠየቅ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ማስወገጃ በወራት ውስጥ ባልተዘጋ ነበር። ማማከር ሥራ ያጓትታል የሚሉን ባለሥልጣኖች የዚህን ሒሳብ ቢሠሩት መልካም ነው።

ከአደጋው በኋላ የመጣውን ደግሞ እንመልከት። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ወጪው ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ተብሎ ተነገረለት። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ ነበር። ሐሳቡን አንጠላውም። ነገር ግን የእኛ አገር ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ የአትክልት ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ የምግብ ትራፊ። እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ የከተተች እናት ሁሉ የምታውቀው ችግር በ120 ሚሊዮን ዶላር ጣቢያም ላይ አለ። ከምርቃቱ በኋላ ጣቢያው ሥራ ያቆመበት ጊዜ እንደነበረም ይታወቃል። ከዚሁ ጎን ለጎን፣ በጃፓን መንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ድጋፍ፣ ቆሼ ላይ የፉኩዎካ ዘዴ የሚባል ሥራ ተሠርቷል። በቆሻሻው ውስጥ ቱቦ ዘርግቶ አየር እንዲገባና ፈሳሹ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ሪባን ለመቁረጥ የማይመች ሥራ ነው። ዋጋው ግን ቀላል ነው፤ የቆሻሻው ክምር እንዳይናድ ይረዳል፤ ጋዙንም ይቀንሳል።

ጋዝ ካልን ዘንድ ወደ አየር ንብረት እንግባ። አንዳንድ ደጋፊዎቻችን ሳይቀሩ ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፣ ለእኛ ዳቦ ይቅደም ይሉናል። አንስማማም። የሚበሰብስ ቆሻሻ አየር በማያገኝበት ቦታ ሲከመር ሜቴን የሚባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ በመቶ ዓመት ስሌት ሙቀት የመያዝ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ነው። ያው ክምር ይናዳል፣ ያው ክምር ይቃጠላል፣ ያው ክምር የወንዞቻችንን ውሃ ይበክላል። የከተማ ነዋሪ ጤናና የአየር ንብረት ግብ እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ናቸው።

መንግሥት በ2004 ዓ.ም. አረንጓዴ ኢኮኖሚ የተባለውን ስትራቴጂ ይፋ ሲያደርግ በ2030 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ዓመታዊ ልቀት ከ400 ሚሊዮን ቶን ይልቅ በ145 ሚሊዮን ቶን እንዲወሰን አቀደ። በ2013 ዓ.ም. ለዓለም ባቀረበው የታደሰ ዕቅድ ደግሞ በ2030 እ.ኤ.አ. ከሚጠበቀው ልቀት 68.8 ከመቶ እቀንሳለሁ አለ፤ አብዛኛው ግን የውጭ ገንዘብ ሲገኝ ነው። አዲስ አበባም በ2027 እ.ኤ.አ. የሚካሄደውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። ደስ ይለናል። ይሁን እንጂ ከዚህ ውስጥ የእናንተ ከተማ ድርሻ ስንት ቶን ነው? በየትኛው ሥራ ነው የሚቀነሰው? በስንት ብር? ይህን የነገራችሁ ከንቲባ አለ? ቁጥሩ ለውጭ ሰው ይነበባል፤ ለነዋሪው አይነበብም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

በትራንስፖርትም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር፣ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ጭስ የሌለው፣ ለድሀው የሚሆን መጓጓዣ ነበር። ነገር ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ዘመን መጣ። መግዣ ተበደርን፤ መጠገኛ አላሰብንም። ልብ በሉ፣ ይህ የዚያ የሰፈራችን ቱቦ ታሪክ ነው። ብድሩ ግን ባቡሩ ቢቆምም አይቆምም፤ የሚከፍለው ባቡሩን የማይሳፈረውም የደብረ ብርሃን፣ የጅማ፣ የወልዲያ ነዋሪ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ነዳጅ የምናስገባበት የውጭ ምንዛሪ ከባድ ስለሆነ ውሳኔው ምክንያት አለው። ሆኖም የግል መኪና የሌለው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት የሚቆመው አብዛኛው ሕዝብ በዚህ ውሳኔ ምን አገኘ?

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ስለተጀመረው የኮሪደር ልማትም ዝም ብለን አናልፍም። የእግረኛ መንገዱን፣ የብስክሌት መስመሩን፣ መብራቱን ብዙ ሰው ወዶታል፤ እኛም ያየነውን አልካድንም። ነገር ግን በፒያሳና በሌሎች ሰፈሮች በአጭር ማስጠንቀቂያ ቤታቸው የፈረሰባቸው፣ ሱቃቸው የተዘጋባቸው፣ እድራቸው የተበተነባቸው ወገኖች አሉ። ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛምቷል። ቤቱ የተወሰደበት ሰው ሌላ ቤት ቢሰጠው እንኳ ደንበኛውን፣ ጎረቤቱን፣ የልጁን ትምህርት ቤት ማን ይተካለታል? እነዚህ ነገሮች በካሳ ሠንጠረዥ ላይ አይጻፉም። የሕዝብ ወጪ ናቸው ግን፤ የሚከፍሉትም ጥቂቶች ናቸው።

ሕግ የተማርን በመሆናችን ስለ ሕጉ አንድ ነገር ሳንናገር ከዚህ መድረክ ብንወርድ ይቆጨናል። የምንጠይቀው ጸጋ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 44 በንጹህና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን፣ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰውም ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብቱን ይደነግጋል። አንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲታቀድም ሲፈጸምም የሚመለከተው ሕዝብ እንዲሳተፍ ያዛል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናት ሪፖርቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑና አስተያየት እንዲሰጥባቸው ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በብክለት ላይ አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካጣም ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ በር ከፈተ። ከእናንተ መካከል እስከ ዛሬ ይህን በር ያንኳኳ ስንት ሰው አለ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እኛም መብታችንን ባለማወቃችን አጥራችንን አስነቅንቀናል። ተቃዋሚ ፓርቲዎችም፣ ፓርቲያችንን ጨምሮ፣ በምርጫ ሰሞን ከመጮህ ይልቅ ነዋሪውን ይዘን አቤቱታ በመጻፍ ብንተጋ ይሻል ነበር። ይህን ጥፋታችንን እንቀበላለን።

ታዲያ ብትመርጡን ምን እናደርጋለን? የማንችለውን አንናገርም። ግብር እንቀንሳለን አንልም፤ ቆሻሻ በነጻ አይነሣም። ለቆሻሻ ከውሃ ሒሳብ ጋር የሚሰበሰበው ገንዘብ ስንት እንደገባና የት እንደዋለ ግን በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየሦስት ወሩ እንዲለጠፍ እናደርጋለን። ማንኛውም የከተማ ፕሮጀክት ለምክር ቤት ሲቀርብ የግንባታው ዋጋ ብቻውን አይቀርብም፤ የብድሩ ወለድ፣ የአሥር ዓመት ጥገናው፣ የሚነሡት ቤተሰቦች ማካካሻ በአንድ ገጽ ላይ አብረው ካልተጻፉ ተመራጮቻችን እጃቸውን አያወጡም። ነዋሪው የተጠየቀበት ቃለ ጉባኤም ከሰነዱ ጋር ይያያዝ፤ የተቃወሙት ሰዎች ቃል ጭምር። ቃለ ጉባኤ ሁልጊዜ «በሙሉ ድምፅ» የሚያልቅበት ሰፈር ጥርጣሬ ያሳድርብናል።

ቆሻሻን በተመለከተ ከሁሉ አስቀድመን የምንይዘው የሚበሰብሰውን ለይቶ ብስባሽ ማዳበሪያ ማድረግን ነው። አዲስ ነገር አልፈጠርንም፤ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በመቀሌ ተሞክሯል። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ የምታስገባ አገር የራሷን ማዳበሪያ እየከመረች ሜቴን ስታመርትበት ማየት ያሳዝናል። ሥራው በማኅበር ለተደራጁት ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ፤ ጓንትና ጭምብል፣ የጤና መድን፣ በወቅቱ የሚከፈል ክፍያ ይኑራቸው። ገዢው እንዳይጠፋ ከከተማ ዙሪያ ገበሬዎች ጋር ቀድሞ ውል መያዝ ያስፈልጋል፤ ብስባሹ ገዢ ካጣ ሥራው ይወድቃልና።

አሁን ደግሞ የእናንተ ተራ ነው። በመውጫው በር ላይ ወጣቶቻችን ወረቀት ይዘው ቆመዋል። በሰፈራችሁ ተቆፍሮ ያልተመለሰ መንገድ፣ ያልተነሣ ቆሻሻ፣ ሳትጠየቁ የተወሰነ ነገር ካለ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። ስማችሁን መጻፍ ግዴታ አይደለም። ሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእናንተ። የገዢው ፓርቲ እጩም በራችሁን ሲያንኳኳ ያንኑ ወረቀት አውጥታችሁ አሳዩት።