የስፖርት አስተዳደር ትምህርትና የቅርንጫፍ ምርጫ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ የስፖርት አስተዳደር ለመማር አስበናል። ይህን ስንናገር «ለኳስ ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» የሚሉን አልጠፉም። ስለዚህ የትምህርቱን ዋና ዋና ቅርንጫፎችና የአመራረጡን መንገድ ባጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን።

አንደኛው የደንብና የመዝገብ ሥራ ነው። በሰኔ ወር 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር። ነገር ግን በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች በመሰለፉ ውጤቱ ተሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ። እግር ያገኘውን ነጥብ መዝገብ አጠፋው።

ሁለተኛው የስታዲዮም አስተዳደር ነው። በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን፤ ይሁን እንጂ ጨዋታው የተደረገው በማላዊ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። በአገራችን የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ ያሟላ ስታዲዮም ስላልተገኘ፥ ሕዝባችን ደስታውን ከሩቅ ሆኖ ተመለከተ። ሣሩን፥ መብራቱን፥ የመልበሻውን ክፍል፥ የተመልካቹን መግቢያና መውጫ አስቀድሞ የሚያስብ ባለሙያ ምን ያህል እንደሚያስፈልገን ከዚህ ይታወቃል።

ሦስተኛው የውድድር ዝግጅትና የገበያ ሥራ ነው። በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲጀመር 10,000 ሰው ተመዝግቦ ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጧት ለማስሮጥ መንገድ መዝጋት፥ ውሃ ማዘጋጀት፥ ሐኪም ማቆም፥ ወጪውን የሚችል ድርጅት መፈለግ ግድ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንምረጥ? ጓደኛ ስለመረጠው ወይም ስሙ ስላማረ አይሁን። ሕግ ማንበብ የማይሰለቸው ወደ ደንቡ፥ ዕቃና ሕንፃ መጠበቅ የሚወድ ወደ ስታዲዮሙ፥ ከሰው ጋር መግባባት የሚቀለው ወደ ዝግጅቱ ይሂድ። ሒሳብ ግን ለሁሉም ያስፈልጋል። ከመመዝገባችንም በፊት ኮሌጁ የትኛውን ቅርንጫፍ በእርግጥ እንደሚያስተምር፥ የሥራ ልምምድም እንዳለው እንጠይቅ። ዝንባሌያችንንም እዚሁ እንፈትን፤ የክፍሎችን ውድድር መዝገብ መያዝና ሜዳውን ማሰናዳት ጥሩ መለማመጃ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ተጫዋች ነበሩ፤ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ አሠልጣኝ ነበሩ፤ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው መገኘቱ ብርቅ ነው። ለእኛ አንዱን ሥራ አጥብቆ መያዝ ይበቃናል።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ጨዋታ ትምህርታችንን እንዳያስረሳን መሥጋታችሁ ይገባናል። እኛ የምንለምናችሁ ግን ለመጫወት ሳይሆን፥ የሚጫወቱት ልጆች ድካም በቢሮ ስሕተትና በሜዳ ጉድለት እንዳይባክን ለመማር ነው።