ማሽኑ በደጃችን ይሁን
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ የአሶሳ ተማሪ በአጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው በኢንተርኔት ጽሑፍ ሲልክ፣ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ፣ በባዕድ አገር ማሽን ላይ አድሮ ነው የሚመለሰው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ይኸው መንገድ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። የደብዳቤ መዘግየት ይቻላል፤ የጤና ጣቢያ መዝገብ ወይም የተማሪ መጽሐፍ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ተጭኖበት ከዋይፋይ ማሠራጫ ጋር ሲያያዝ ሰርቨር ይሆናል፤ ባትሪው ደኅና ከሆነም መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይቆምም። ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል።

ከዚህም በላይ ሥራ ያሠራል። እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር የነዳጅ ቧንቧን በሳተላይት ለመቈጣጠር ኤም.ኪው.ቲ.ቲ. የተባለውን የመልእክት ሥርዐት አወጡ፤ መስመሩ ቀጭንና ውድ ስለ ነበረ መልእክቱን እጅግ አሳጠሩት። በዚሁ ሥርዐት ዛሬ የክትባት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካለው ወሰን ሲወጣ በግቢው ውስጥ ደወል ማስደወል፣ የውሃ ታንከር ሲጎድል ፓምፑን ማስነሣት ይቻላል።

«ጉባ ላይ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ ስለ አሮጌ ላፕቶፕ ታወራለህን?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ አወራለሁ፤ ኀይል ማመንጨትና በኀይሉ መሥራት ሁለት ነገር ነውና።

እንግዲህ ሐሳቤ ይኽ ነው። ማኅበራችን አንድ እንዲህ ያለ ማሽን አሰናድቶ፣ የስደተኞች ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1997 ለተከፈተባት ለሸርቆሌ ትምህርት ቤት ይስጥ። ነገር ግን ማሽኑን አስረክቦ መመለስ አይበቃም፤ የሚጠግነው ሲጠፋ ባዶ ሣጥን ይሆናል። ስለዚህ የሸርቆሌ ወጣቶች ከመጀመሪያው ቀን አብረውን ይፍቱት፣ ይግጠሙት። መመሪያው በአማርኛ፣ በበርታኛና በዐረብኛ ይጻፍ። ዲስክ ሳያስጠነቅቅ ይሞታልና የመዝገቡ ግልባጭ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ቁልፉም፣ ይኸውም የይለፍ ቃሉ፣ በእነርሱ እጅ ይሁን። አለዚያ ባዕድ ጌታን በእኛ ጌትነት መለወጣችን ብቻ ነው።

በቤቱ የማይሠራበት ላፕቶፕ ያለው ለሚመጣው ስብሰባ ይዞ ይምጣ። የተሰበረም ቢሆን ዕቃው ለሌላው ይሆናል።