ሕመምተኛው ተናግሮ ይጨርስ

የዛሬው ንግግራችን ሕክምና ለሚማሩ ልጆቻችን ነው፤ ወላጆችም አብራችሁ አዳምጡ።

ተማሪው አልጋው ዘንድ ሲደርስ ሰላም ይበል፣ ስሙን ይናገር፣ ተማሪ መሆኑንም አይደብቅ። ከዚያ «ምን ሆነው ነው የመጡት፣ እናቴ?» ብሎ ዝም ይበል። የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ሐኪሞቹ የሕመምተኛውን ንግግር ያቋረጡት በአማካይ ከ18 ሴኮንድ በኋላ ነበር።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ቃሉ ራሱ መጣራት አለበት። «ልቤን ያመኛል» የሚሉ እናት ብዙ ጊዜ ጨጓራቸውን ማለታቸው ነው፤ የእውነት ልባቸው ሊሆንም ይችላል። «ኩላሊቴን» የሚሉትም ወገባቸውን ይሆናል። «በጣትዎ ያሳዩኝ» ማለት ምን ይከብዳል?

የስኳር ሕመምተኛ በረመዷን መጥቶ «ደግሞ ይጾማሉ እንዴ?» ተብሎ በቁጣ ከተጠየቀ ይደብቃል። «መድኃኒቱን በሱሑርና በኢፍጣር እንዴት ነው የሚወስዱት?» ቢባል ግን ይናገራል። ኢንሱሊን ወግቶ ሳይበላ የዋለ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ አላህ ይጠብቀንና ሊሞትም ይችላል።

ለምርመራው መጋረጃው ይሳብ፤ የሚታየው የአካል ክፍል ብቻ ይገለጥ፤ ከመንካት በፊት ፈቃድ ይጠየቅ። ታማሚዋ ሴት፣ መርማሪው ወንድ ከሆነ ሌላ ሴት አብራ ትቁም።

እናንተ አስታማሚዎችም! እናታችሁ ስትጠየቅ ቀድማችሁ አትመልሱላት። «ትንሽ ውጡልን» ስትባሉም ቅር አይበላችሁ፤ በልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም ይኖራታል።