ቢላዋ ስለቱን ከምን ያገኛል?



ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ስላለው ቢላዋ ነው። ከሐይቅ ገበያ ሁለት ቢላዎች ገዛችሁ እንበል። መልካቸው አንድ ነው፤ ዋጋቸውም አንድ ነው። አንዱ ሥጋውንም፣ ከሐይቁ የወጣውን ዓሣም ሲቆርጥ ስለቱን ይዞ ይቆያል። ሌላው በሳምንቱ ይዶለዱማል፤ ወይም አጥንት ሲነካ ይሸረፋል። ገንዘባችሁ ባከነ ማለት ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛ የብረቱ ዓይነት፣ ሁለተኛ የእሳቱ አያያዝ ነው።

በመጀመሪያ ብረቱን እንይ። አረብ ብረት ውስጥ ካርቦን አለ። ከሰልም አብዛኛው ካርቦን ነው። መጠኑ ጥቂት፣ ሥራው ግን ትልቅ ነው። የቤት መሥሪያ ፌሮ ካርቦኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 0.3 እጅ አይበልጥም። ስለዚህ ለስላሳ ነው፤ ለቢላዋ አይሆንም። የመኪና ባሌስትራ 0.6 እጅ ገደማ አለው። ጭነት ሲጫነው ጎብጦ የሚመለስ ብረት ስለሆነ ጠንካራም ነው፣ ቶሎም አይሰበርም። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚመላለሱት የጭነት መኪናዎች የሚጥሉት የተሰበረ ባሌስትራ ለቀጥቃጩ ሀብቱ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። “ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው” ይባላል። እውነት ነው። ግን ቢላዋው ቅርጽ ስለያዘ ብቻ አላለቀም። ሦስት ሥራ ይቀረዋል።

1ኛ/ ማጋል፦ በከሰልና በወናፍ ደማቅ ቀይ እስኪሆን ይሞቃል። ማግኔት ካላችሁ አስጠጉለት። ብረቱ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይዘውም። ከዚያ ጥቂት መጨመር ነው።

2ኛ/ መንከር፦ ባሌስትራ ውሃ ውስጥ ቢነከር ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ለብ ያለ ዘይት ይሻለዋል። ዘይቱ ሊነድ ስለሚችል ፊታችሁን አርቁ። ከዚያ ሞረድ ሞክሩበት። ሞረዱ ቢያንሸራትት ጠንክሯል፤ ቢፍቀው ገና ነው።

3ኛ/ መልሶ በቀስታ ማሞቅ፦ የተነከረ ብረት እንደ ብርጭቆ ነው፤ ቢወድቅ ይሰበራል። ጥቁሩን ቅርፊት በአሸዋ ፈግፍጋችሁ ካጠራችሁ በኋላ ከፍም ራቅ አድርጋችሁ አሙቁት፤ ቀለሙንም ተመልከቱ። የገለባ ቢጫ ሲመስል ለቢላዋ በቂ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ግን ለስልሷል፤ ስለት አይዝም።

እናቶች ሆይ፣ በቢላዋ እሳት አትቆስቁሱ የምንለውም ለዚሁ ነው። ቀጥቃጩ የደከመበትን ጥንካሬ ምድጃው ባንድ ቀን ያጠፋዋል።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ በዓይኑና በእጁ የሚያውቀው ማን ነው? ለብዙ ዘመን “ቡዳ” እየተባለ ሲሰደብ የኖረው ቀጥቃጭ ነው። እንዳያችሁት ሥራው ዕውቀት እንጂ አስማት አይደለም። እንግዲህ ስትገዙ “ከምን ብረት ተሠራ? በምን ተነከረ?” ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁት። ቀጥቃጭ ወንድማችንም የትኛው ብረት በየትኛው ቀለም እንደሰመረለት በደብተር ይጻፈው፤ ለልጁ ይተርፋል።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ደኅና ሁኑ።