ጆሯችንን ከሞተር ጩኸት እንጠብቅ

(ለወፍጮ ቤት ሠራተኞችና እህል አስፈጪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጆሮ ነው። ዓይን ሲታመም ይቀላል፣ ያለቅሳል። ጥርስ ሲታመም እንቅልፍ ይነሣል። ጆሮ ግን በጩኸት ሲጎዳ አይደማም፤ ብዙ ጊዜም አያምም። ቀስ በቀስ፣ ዓመት በዓመት ይደክማል። “ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ይባል የለም? ይህም ነገር እንዲሁ ነው። የሰውየው ጆሮ መድከሙን ከራሱ አስቀድመው የሚያውቁት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው።

የሞተር ወፍጮ ብዙ ድካም አቃሎልናል። እናቶቻችን ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው ይፈጩ ነበር። ስለዚህ ወፍጮውን አንጠላም። የውሃ መሳቢያውን ሞተር፣ የእህል መውቂያውን ማሽን፣ የብረት መቁረጫውንም አንጠላም። ነገር ግን ሁሉም ይጮኻሉ። ጥቅማቸውን እየወሰድን ከጉዳታቸው መጠበቅ አለብን።

ጩኸት ጆሮን የሚጎዳው እንዴት ነው? ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል። ከታምቡሩ በስተውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ትንሽ ክፍል አለ። በዚያ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ጫፋቸው ጸጉር ያለው ሴሎች አሉ። በአንድ ጆሮ ውስጥ ወደ 15,000 ይሆናሉ። ድምፅ ሲደርስ ጸጉሮቹ ይወዛወዛሉ፤ መልእክቱም በነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል።

የጤፍ ማሳን አስቡ። ለስላሳ ነፋስ ሲነፍስ ጤፉ ዘንበል ይልና መልሶ ይቃናል። ዝናብና ነፋስ ሲበረታበት ግን ይጋሸባል። የጆሮ ሴሎችም እንዲሁ ናቸው። ጩኸቱ የአንድ ቀን ከሆነ ብዙ ጊዜ ያገግማሉ። በየቀኑ ሲደጋገምባቸው ግን ይሞታሉ። የሞቱትም አይተኩም። የዶሮ ጆሮ በዚህ ከእኛ ይሻላል። በጩኸት የሞቱ የዶሮ ጆሮ ሴሎች ተመልሰው እንደሚበቅሉ ሳይንቲስቶች በ1980 ዓ.ም. ገደማ አረጋግጠዋል። የሰው ግን አይበቅልም፤ የሚያበቅለውም መድኃኒት የለንም።

በመጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው። የሕፃን ድምፅና የወፍ ዝማሬ ይርቃሉ። እናንተ ፊደል ቆጥራችኋልና ይህን በፊደል እንየው። “ሰ” እና “ፈ” ቀጭን ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። ጆሮው የተጎዳ ሰው “ልጁ ሠራ” ሲሉት “ልጁ ፈራ” ያሉት ሊመስለው ይችላል። “ድምፃችሁ ይሰማኛል፤ የምትሉት ግን አይገባኝም” ይላል። ሳይሰማ የቀረውን ሰላምታ ጎረቤት ንቀት ነው ብሎ ይቀየማል። ከኋላ የሚመጣ መኪናም ሳይታወቀው ይደርስበታል።

የድምፅ ኃይል የሚለካው ደሲቤል በሚባል መለኪያ ነው። የተለመደ ጭውውት ወደ 60 ደሲቤል ነው። በ85 ደሲቤል ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መሥራት አይገባም። ከዚያ በኋላ 3 ደሲቤል በተጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ለ4 ሰዓት፣ በ91 ለ2 ሰዓት፣ በ94 ለ1 ሰዓት፣ በ100 ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። በወፍጮ ቤት ውስጥ ድምፁ ከ90 በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። የሞተር መጋዝ ወደ 110 ይደርሳል፤ ያለ መከላከያ 2 ደቂቃ እንኳ አይፈቀድም።

“መለኪያው ከየት ይመጣል?” ትሉ ይሆናል። መለኪያው ራሳችሁ ናችሁ። አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ፣ ያ ቦታ ጆሮ ይጎዳል። ከወፍጮ ቤት ስትወጡ ጆሯችሁ ጭው ቢል ወይም ቢደፈን፣ ጆሮው “በዛብኝ” ማለቱ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አትበሉት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ እንራቅ። እህላችሁን አስመዝናችሁ ስታበቁ ተራችሁን ከውጭ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ጠብቁ። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ድምፁ ከግድግዳና ከጣሪያ እየተመለሰ ይበረታል። በገላጣ ቦታ ግን ርቀታችን እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ደሲቤል ያህል ይቀንሳል። ይልቁንም ሕፃን ያዘላችሁ እናቶች ወደ ውስጥ አትግቡ። ሕፃኑ “ጆሮዬን” ብሎ መናገር አይችልም።

ሁለተኛ፤ ሞተሩን እናስጠግን። ማርሚታው የተቀደደ፣ ብሎኑ የላላ፣ ኩሽኔታው ግራሶ ያጣ ሞተር ከሚገባው በላይ ይጮኻል። ይህን ማስጠገን ለጆሮም ለሞተሩም ይበጃል።

ሦስተኛ፤ ጆሮን እንሸፍን። ቀኑን ሙሉ ወፍጮው አጠገብ ለሚቆመው ሠራተኛ፣ ብረት ለሚቆርጠውና በሞተር መጋዝ ለሚሠራው፣ ሁለቱንም ጆሮ ግጥም አድርጎ የሚሸፍን የጆሮ መከላከያ ያስፈልጋል። ጥጥ መወተፍ አይበቃም። ነጠላ መጠቅለልም አይበቃም፤ ጫፉም በቺንጋው ሊያዝና አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ጆሮን በጣት አጥብቆ መድፈን ይረዳል።

አራተኛ፤ እንፈራረቅ። ሁለት ሠራተኞች ካሉ አንዱ ሲያስፈጭ ሌላው ከውጭ ይመዝን፤ ከዚያ ይለዋወጡ።

አምስተኛ፤ ጆሮው የከበደው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። መንሥኤው ኩክ ወይም መግል ከሆነ ሊታከም ይችላል። ዘይት፣ ቅቤ ወይም እንጨት ግን ወደ ጆሮ አይግባ።

ወፍጮ የሚያስፈጨው ወጣት የአንዳችን ልጅ ነው። ለሞተሩ ነዳጅና ቺንጋ የሚገዛ የወፍጮ ባለቤት፣ ለሠራተኛው የጆሮ መከላከያ መግዛትም ይገባዋል። ያረጀ ቺንጋ በአዲስ ይተካል፤ የደነቆረ ጆሮ ግን አይተካም። ስለዚህ ባለቤቱን ዛሬውኑ እንጠይቀው።