ፕሮግራም ከመግዛታችን በፊት



ጥቂት ተጠቃሚ ያለውን የሥዕል ወይም የጨዋታ ፕሮግራም ስንመዝን ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባናል።

አንደኛ፣ ግዢ ነው ወይስ ኪራይ? አዶቤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ የፎቶሾፕ ዕትሞችን የሚያቀርበው በኪራይ ብቻ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ መሣሪያው ይዘጋል።

ሁለተኛ፣ ሠሪው ቢከስርስ? የብሌንደር ኩባንያ በተዘጋ ጊዜ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ተጠቃሚዎች 100,000 ዩሮ አዋጥተው ፕሮግራሙን ነጻ አወጡት። ይህ ዕድል ለሁሉም አይገጥምምና፣ ሥራችን በሌላ ፕሮግራም ሊከፈት መቻሉን አስቀድመን እናረጋግጥ።

ሦስተኛ፣ ሞክሮ መመለስ ይቻላልን? ስቲም በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች የተሞከረ ጨዋታን ገንዘብ ይመልሳል። 2 ሰዓት ጨዋታው በማሽናችን መሥራቱን ለማወቅ ይበቃል፤ ጥልቀቱን ለመመዘን ግን ያንሳል።

ሻጩ ቢጠፋም ሥራችንን በእጃችን የሚያስቀርልን ፕሮግራም፣ ዋጋው ቢወደድም አያስቆጭም።