የመኸር ምስጋናና የጉልበት ስጦታ



በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገሮች ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው። ገበሬው የዓመት ድካሙን ዋጋ የሚያየው በዚህ ጊዜ ነው። ምስጋናው ግን ቀደም ብሎ ይጀምራል። ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ከመስቀል በዓል በኋላ፣ የኦሮሞ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር ኢሬቻን ሲያከብር፣ ከጨለማው ወራት አውጥቶ ለብርሃን ላበቃው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል። እህሉ ገና በማሳ ላይ ነው። ታጭዶ ከተሰበሰበ በኋላስ ምስጋናው በምን ይገለጣል?

የገጠሩ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መልሱም ወንፈልና ደቦ ይባላል። ወንፈል ቀን በቀን የሚመለስ የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ በአንዱ ማሳ የዋሉ ሁሉ ነገ በሌላው ማሳ ይውላሉ። በደቦ ግን ባለማሳው ጎረቤቶቹን ጠርቶ ያበላል፣ ያጠጣል፤ የተጠሩትም የብዙ ቀን ሥራ በአንድ ቀን ሠርተውለት ይመለሳሉ። ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም ለችግረኛ ሰው ትልቅ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት፣ በሽተኛ ወይም ጉልበቱ የደከመ አረጋዊ የወንፈሉን ቀን ሊመልስ አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሰው ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ሲወጣ የሚጠብቀው ብድራት የለም፤ ቢኖርም አንድ ዋንጫ ጠላ ነው።

በዚህ ልማድ የሚደነቀው ሰዓቱን ማወቁ ነው። የደረሰ ጤፍ ከዘገየ ይረግፋል፤ ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብም የታጨደውን ያበላሻል። በኅዳር ያልተገኘ ረዳት በጥር ቢመጣ የሚያጭደው አያገኝም። ከዚህም በላይ ተረጂዋ ወደ ሰው ደጅ ለልመና አልሄደችም፤ የራሷን እህል ወደ ራሷ ጎተራ አስገባች እንጂ። ጥንታዊው የሙሴ ሕግም የእርሻው ዳርቻና ቃርሚያው ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ሲያዝ፣ ድኻው በገዛ እጁ ለቅሞ የሚበላበትን መንገድ ከፍቶለታል።

በከተማ የሚደረገው የበዓል ርዳታ በዚህ ሚዛን ቢመዘን አንድ ጉድለት ይታይበታል። ለዓመት በዓል ዘይት፣ ዱቄትና ዶሮ ማደል መልካም ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ችግር ከበዓሉ ጋር አያልፍም። በገጠር ጎተራ የሚጎድለው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ስለዚህ በኅዳር የተነገረ ምስጋና እውነተኛነቱ የሚፈተነው በነሐሴ ነው ለማለት ይቻላል። በቅርብ ዓመታት በከተሞች በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ መለመዱ ከዚህ አንጻር የሚመሰገን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ዲሴምበር 5 ቀን የበጎ ፈቃደኞች ዓለም አቀፍ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 26 ቀን ግድም ይውላል። ቀኑ የተመረጠው የኢትዮጵያ መኸር ታስቦ አይደለም፤ ሆኖም ደቦ በማሳ ላይ በሚውልበት ወር መዋሉ ለማኅበሩ አባል መልካም ማስታወሻ ነው።

ባለሙያ ማጭድ ባይጨብጥም መኸር አለው። የተማረበት ትምህርት ቤት የቆመው በብዙ ሰው ድካምና ግብር ነውና፣ እውቀቱ ከእርሱ በፊት በሌሎች የተዘራ እህል ነው። የሂሳብ ዐዋቂ የሰፈሩን ዕድር መዝገብ ቢያስተካክል፣ የሕግ ዐዋቂ መክፈል ለማይችል ሰው አቤቱታ ቢጽፍ፣ መሐንዲስ የአንዲት አሮጊት ቤት የተሰነጠቀ ግድግዳ ቢመረምር፣ ምስጋናውን በሥራ ከፈለ ማለት ነው። ከእርሱ የሚፈለገውም ከደቦተኛው የሚፈለገው ነው፤ በሰዓቱ መገኘት፣ የተረጂውን ክብር መጠበቅ፣ የጀመሩትን መጨረስ። ደቦ የወጣ ሰው ማሳውን ከእኩሌታ ትቶ ማጭዱን ሰብስቦ አይሄድም።